አረንጓዴ መብራት በራ ማለት መስመሩ ሠራ ማለት አይደለም፦ የራውተር ዋን ኢንተርፌስ በኮማንድ ላይን፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ይህን የምጽፈው ላን (የቢሮው የውስጥ ኔትወርክ) ላይ ጎበዝ ሆነው ዋን ኢንተርፌስ (ራውተሩን ከውጭው መስመር የሚያገናኘው ፖርት) ላይ ሲደርሱ እጃቸው ለሚያዝባቸው የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ነው። ብዙ ናቸው። ስዊች ያስተካክላሉ፣ ዋይፋይ ይተክላሉ፣ ካሜራ ያገናኛሉ። ጥቁሩ ስክሪን ተከፍቶ «የውጭውን መስመር አስገባ» ሲባሉ ግን ስልክ አንስተው ሰው ይፈልጋሉ።

ደሴ ፒያሳ ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ መጋዘን ያለው አንድ የንግድ ድርጅት በሁለቱም ቦታ ራውተር ሲቀይር የውጭውን መስመር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ራውተሮቹ ሲስኮ ናቸው። ከዚያ ሥራ የተረፈኝን ሁሉ እዚህ ላስቀምጥ። ትእዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት። የምጠቀምባቸው ከ203.0.113 የሚጀምሩት አድራሻዎች ደግሞ ለማስተማሪያ የተተዉ ናቸው፤ የማንም ቢሮ አይደሉም።

ዋን ከላን የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ላኑ የእናንተ ነው። አይፒውንም ቪላኑንም (በአንድ ገመድ ላይ ያሉ ኔትወርኮችን የሚለየውን ቁጥር) ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ዋኑ ላይ ግን አንደኛው ጫፍ በሌላ ሰው እጅ ነው። የምትጽፉት ቁጥር ሁሉ ማዶ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ ኬብል ከመሰካቴ በፊት የምጠይቀው ወረቀት ነው። መስመሩ ቋሚ አይፒ ነው ወይስ በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገባ ፒፒፒኦኢ? አድራሻው፣ ሰብኔት ማስኩ (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነው ቁጥር)፣ ጌትዌዩ (በአቅራቢው በኩል ያለው የመውጫ አድራሻ) ስንት ነው? ቪላን ቁጥር አለው? የመስመሩ መለያ ቁጥርስ? በስልክ የተነገረኝን ቁጥር አልቀበልም። «በጽሑፍ ላኩልኝ» እላለሁ፤ እስኪልኩም እጠብቃለሁ።

ወረቀቱ ላይ ማስኩ 255.255.255.252 ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። አራት አድራሻ ብቻ ያለው ጠባብ ኔትወርክ ነው። ከአራቱ ሥራ ላይ የሚውሉት ሁለቱ ናቸው። አንዱ የአቅራቢው፣ ሌላው የእናንተ። ሁለት ጫፍ ላለው መስመር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

አዲስ ራውተር አይፒ የለውምና መግቢያው በኮንሶል ነው። ሰማያዊው ጠፍጣፋ ኬብል፣ ዩኤስቢ ኮንቨርተር፣ ላፕቶፑ ላይ ፑቲ የሚባለው ፕሮግራም። ፍጥነቱ 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1። ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ከመጣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ምንም ካልመጣ የኮንቨርተሩ ድራይቨር ወይም የተሳሳተ የኮም ቁጥር ነው። ድራይቨሩን ከቤት ጭናችሁ ውጡ። ኢንተርኔት ልታስገቡ ሄዳችሁ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት መፈለግ ያናድዳል።

ስክሪኑ ላይ የት እንዳላችሁ የሚነግራችሁ የመስመሩ መጨረሻ ነው። የ> ምልክት ካያችሁ ተመልካች ናችሁ። ኢኔብል ስትሉ ወደ # ይቀየራል። ኮንፊገር ተርሚናል ስትሉ ኮንፊግ የሚል በቅንፍ ይጨመርበታል። ኢንተርፌስ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ኮንፊግ-ኢፍ ይላል። ቃል ከጠፋችሁ ጥያቄ ምልክት ተጫኑ፤ የሚቀጥለውን ይዘረዝርላችኋል። አዲስ ራውተር ላይ የመጀመሪያ ትእዛዜ ኖ አይፒ ዶሜይን-ሉክአፕ ነው። ያለዚያ አንድ ፊደል በተሳሳተ ቁጥር ራውተሩ ቃሉን የኮምፒውተር ስም መስሎት ሲፈልግ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ፍለጋውን ለማቋረጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ መጫን ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ በሉ። እያንዳንዱ ኢንተርፌስ ትይዩ ሁለት ቃል አለ። የመጀመሪያው ስታተስ ነው፤ ስለ ገመዱና ስለ ሲግናሉ ይናገራል። ሁለተኛው ፕሮቶኮል ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በዚያ ገመድ ላይ መግባባታቸውን ይናገራል። አድሚኒስትራቲቭሊ ዳውን የሚል ካያችሁ ኢንተርፌሱ አልተከፈተም ማለት ነው። የሲስኮ ራውተር ኢንተርፌሶች ከፋብሪካ ሲመጡ ዝግ ናቸው፤ ኖ ሻትዳውን ይከፍታቸዋል። ዳውን ዳውን ካለ ኬብሉን፣ ፖርቱን፣ የማዶውን ሳጥን እዩ። ኪቦርዱን ተዉት፤ ተቆርጦ የተኛን ገመድ የሚያስነሳ ትእዛዝ የለም። አፕ ዳውን ካለ ሲግናል አለ፣ መግባባት የለም። ይኼ በብዛት የሚታየው ሲሪያል (የድሮው ዓይነት የዋን) መስመር ላይ ነው።

አፕ አፕ ካለስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው።

ደሴው ቢሮ ውስጥ አብራኝ የነበረችው ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለልምምድ የወጣች ተማሪ ናት። ኮንፊገሬሽኑን ያስገባችው እሷ ናት፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ። አቅራቢው የሰጠን ወረቀት ቋሚ አይፒና ቪላን 214 ይላል። ፊዚካል ኢንተርፌሱን፣ ጊጋቢት 0/0ን፣ ያለ አይፒ ከፈተችው። ቀጥሎ ጊጋቢት 0/0.214 የሚል ሰብ-ኢንተርፌስ (በዚያው ፖርት ውስጥ ለአንድ ቪላን የሚለይ ክፍል) ሠራች። መጀመሪያ ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው 214፣ ከዚያ አይፒ አድሬስ 203.0.113.2 255.255.255.252። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሰብ-ኢንተርፌስ ላይ ቪላኑ ሳይገባ አይፒ ብትሰጡ ራውተሩ አይቀበልም። ዲስክሪፕሽንም አስገባች፤ የመስመሩን መለያ ቁጥር። ይህችን መስመር ብዙዎች ይዘሏታል። እኔ አልዘላትም። ወደፊት እናንተ በሌላችሁበት ያን ራውተር የሚከፍተው ሰው መስመሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው በእሷ ነው።

ሾው ስንል አፕ አፕ። ጌትዌዩን ፒንግ ስታደርግ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ስትጠይቅ) አምስት ነጥብ፤ ነጥብ መልስ አልመጣም ማለት ነው። ደገመች። አምስት ነጥብ።

«ጋሼ፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ አፕ አፕም ይላል። ለምንድነው የማይሠራው?»

«አብሽሪ» አልኳት። «አፕ አፕ ያለው እኛና ያቺ ነጭ ሳጥን መካከል ያለውን ነው። ከሳጥኗ ወዲያ ያለውን ራውተሩ አያየውም።»

ኢተርኔት ላይ ነገሩ እንዲህ ነው። ኬብሉ የሚያልቀው አጠገባችሁ ያለው የፋይበር ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ መብራት እስካለው ድረስ ፖርቱ አፕ ይላል። ፋይበሩ ሐረጎ (ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለው ቁልቁለት) ላይ ተቆርጦ ቢያድር እንኳ የእናንተ ፖርት አፕ አፕ ነው።

ቀጥሎ ያስጻፍኳት ሾው አይፒ ኤአርፒ ነው፤ የትኛው አይፒ የየትኛው መሣሪያ መለያ (ማክ አድራሻ) ጋ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር። የጌትዌዩ አድራሻ ትይዩ የማክ አድራሻ መኖር ሲገባው ኢንኮምፕሊት ይላል። ይህች ቃል ብዙ ትቆጥባለች። ራውተሩ «203.0.113.1 ማነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚሰጠው አጣ ማለት ነው። መልስ ከሌለ ስለ ናት (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭው ስለሚቀይረው)፣ ስለ ሩት (ስለ መውጫው መንገድ)፣ ስለ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ ስለሚቀይረው) ማሰብ ገና ነው። ጉዳዩ ከዚያ በታች ነው፦ ወይ መስመሩ ማዶ አልተከፈተም፣ ወይ ቪላኑ አልገጠመም፣ ወይ አድራሻው ሌላ ነው።

ለአቅራቢው ደወልኩ። «ኢንተርኔት የለም» አላልኩም። «ፖርቱ አፕ ነው፣ ቪላን 214 ታግ አድርገናል፣ የጌትዌያችሁ ኤአርፒ አይመጣም፤ እናንተ ጋ በዚህ መስመር ላይ የትኛው ቪላን ነው ያለው?» አልኩ። ልጁ ፈልጎ «241 ነው» አለ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ሁለቱን አሃዞች ገልብጧቸዋል። አዲስ ሰብ-ኢንተርፌስ ከመሥራታችን በፊት የድሮውን በኖ ኢንተርፌስ ጊጋቢት 0/0.214 አጠፋነው። ያንን አይፒ ይዞ ከቆየ ራውተሩ አዲሱ ላይ ኦቨርላፕ ብሎ ይከለክላል። በ241 ደግማ ሠራችው። ፒንግ አለች። አንድ ነጥብ፣ ከዚያ አራት ቃለ አጋኖ፤ ቃለ አጋኖ መልስ መጣ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ነጥብ ችግር አይደለችም። ኤአርፒው እስኪመጣ ያለፈች አንድ ፓኬት ናት። ተማሪዋ ደስ ሲላት ሳይ እኔም ደስ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። አይፒ ሩት 0.0.0.0 0.0.0.0 203.0.113.1 ብላችሁ የመውጫውን መንገድ ማሳየት። አክሰስ-ሊስት 1 ፐርሚት ብላችሁ የላኑን አድራሻ መፍቀድ፤ እዚህ ላይ ማስኩ ተገልብጦ 0.0.0.255 እንደሚጻፍ አትርሱ። ከዚያ ናቱን ኦቨርሎድ በሚለው ማሰር። አይፒ ናት አውትሳይድ የሚገባው ሰብ-ኢንተርፌሱ ላይ ነው፣ ፊዚካሉ ላይ አይደለም። ለመፈተሽ ሁለት ፒንግ አድርጉ። አንዱ ቀጥታ ወደ 8.8.8.8። ሌላው በሶርስ የላኑን ኢንተርፌስ ጠቅሳችሁ። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ጣጣው ናቱ ጋ ነው።

ሴቭ አድርጉ። የምትጽፉት ሁሉ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፤ የሚቀመጠው ግን ራም ላይ ነው። መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ መብራት ቀጠሮ ይዞ አይሄድም። ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ በሉ፣ ወይም ባጭሩ ራይት። አንድ ነገር ሲሠራ አንዴ፣ ቀጥሎ ያለው ሲሠራ እንደገና። ሁሉም እስኪያልቅ አትጠብቁ። ራውተሩንና የፋይበር ሳጥኑን ደግሞ አንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጓቸው። ራውተሩ በርቶ ሳጥኑ ቢጠፋ ምን ዋጋ አለው?

ኮምቦልቻ መስመሩ ፒፒፒኦኢ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር ሙቀት ነው። ራውተሩ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ደሴ ብርድ ላይ ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ግን አየር ያስፈልገዋል። በሩን አስከፍቼ ሥራ ጀመርኩ።

ፒፒፒኦኢ ላይ አይፒው ፊዚካል ፖርቱ ላይ አይገባም። ፖርቱ ላይ ኖ አይፒ አድሬስ፣ ፒፒፒኦኢ-ክላየንት ዳያል-ፑል-ነምበር 1፣ ኖ ሻትዳውን፤ በቃ። ሌላው ሁሉ ኢንተርፌስ ዳያለር 1 በሚባለው፣ ራውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ ባለው ኢንተርፌስ ላይ ነው። አይፒ አድሬስ ኔጎሺዬትድ፣ ኢንካፕሱሌሽን ፒፒፒ፣ ዳያለር ፑል 1፣ የቻፕ ወይም የፓፕ (ሁለቱ የመግቢያ ማረጋገጫ ዘዴዎች) ዩዘርኔምና ፓስወርድ። ሁለቱ ቦታ ያለው የፑል ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ እርስ በርስ የሚገናኙት በእሱ ነው። መውጫው ሩትም ወደ ዳያለር 1 ነው።

እዚህም ያው ማታለያ አለ፣ እንዲያውም የባሰ። ዳያለር ኢንተርፌስ ሴሽን (ከአቅራቢው ጋር የተከፈተ ግንኙነት) ሳይኖርም አፕ አፕ ይላል። ሾው ኢንተርፌስ ዳያለር 1 ብትሉ አጠገቡ ስፑፊንግ (ማስመሰል) የሚል ቃል ታያላችሁ፤ በብሪፉ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ ዳያለር ላይ አፕ አፑን ተዉትና አይፒውን እዩ። አናሳይንድ ካለ ገና አልገባም። አይፒ ከመጣ ገብቷል። ሾው ፒፒፒኦኢ ሴሽንም ያረጋግጥላችኋል። ካልገባ ዲበግ ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን አብሩ። ፓስወርድ ተሳስቶ እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። ስትጨርሱ አንዲበግ ኦል ብላችሁ አጥፉት።

አይፒው መጣ፣ ፒንጉ ሠራ። ትንሽ ቆይታ የመጋዘኑ ኃላፊ መጣች። «ወንድምዓለም፣ የዕቃው ፕሮግራም ይከፈታል። ትንሿን ነገር ያሳየኛል። ሪፖርቱን ስጠይቀው ግን ቀጥ ይላል» አለች። ፕሮግራሙ ያለው ደሴ ሰርቨር ላይ ነው። ይህን ስሰማ ሌላ ምልክት አልፈለግኩም። ትንሹ አልፎ ትልቁ ሲቀር ኤምቲዩ (በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ነው።

ሒሳቡ ይህ ነው። ኢተርኔት በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 1500 ባይት ነው። ፒፒፒኦኢ የራሱን 8 ባይት ይጨምርበታል። ጫፍ ድረስ የተጫነ ኢሱዙ ላይ ሸራ ሲታሰርበት በሩ አላሳልፍ እንደሚለው ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚቀረው 1492 ነው፤ ዳያለሩ ላይ አይፒ ኤምቲዩ 1492 ይገባል። የላን ኢንተርፌሱ ላይ ደግሞ አይፒ ቲሲፒ አጀስት-ኤምኤስኤስ 1452። ይህ ቁጥር የመጣው ከ1492 ላይ የአይፒና የቲሲፒ ራስ 40 ባይት ሲቀነስ ነው። ሁለተኛዋን ትእዛዝ አትተዉ። ኮምፒውተሮቹ ከመጀመሪያው በትንሽ መጠን እንዲላላኩ የምታደርገው እሷ ናት።

ለመፈተሽ ከራውተሩ ወደ ደሴው ራውተር በሳይዝ 1492 እና በዲኤፍ-ቢት (ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ በሚከለክለው ምልክት) ፒንግ ማድረግ ነው። ያ አልፎ 1500 ካላለፈ ልኩ ይኸው ነው። ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሆነ ፒንግ ላይ ሰረዝ ኤፍ ሰረዝ ኤል 1464 በሉ፤ ዊንዶውስ 28 ባይት ራሱ ይጨምርበታል። ትእዛዞቹ ሲገቡ ሪፖርቱ ወዲያው ተከፈተ።

አሁን ስለ ርቀት ሥራ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ለአንዲት የተሳሳተች መስመር መውረድ አያስፈልግም። ደሴ ቁጭ ብዬ የኮምቦልቻውን ዋን ስነካ ሁልጊዜ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ የሚሠራውን ኮንፊገሬሽን ሴቭ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ሪሎድ ኢን 10 እላለሁ። ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ ማዘዜ ነው። ከዚያ ለውጡን እጽፋለሁ። ግንኙነቱ ከተቋረጠ አልሮጥም። ራውተሩ ተነስቶ ቀድሞ ሴቭ ወደተደረገው ይመለሳል። ካልተቋረጠ ሪሎድ ካንስል ብዬ ሴቭ አደርጋለሁ። ዋናው ነጥብ ለውጡን ሳታረጋግጡ ሴቭ አለማድረግ ነው፤ ያኔ መመለሻው ይጠፋል። የማይክሮቲክ ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ኮንትሮልና ኤክስ ስትጫኑ የሚበራው ሴፍ ሞድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

በርቀት መግቢያውም በኤስኤስኤች (በተመሰጠረው መንገድ) ይሁን፤ ያልተመሰጠረውን ቴልኔት በዋን በኩል ክፍት አትተዉ። የፈቀዳችሁትን አድራሻ ብቻ በአክሰስ-ክላስ አስገቡ። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ራውተር ላይ ፓስወርድ የሚሞክር አይጠፋም።

ሲሪያል ኢንተርፌስ በአዲስ መስመር ላይ እየቀረ ነው፤ ፋይበሩ በኢተርኔት ይመጣል። ለመለማመድ ግን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ሁለት አሮጌ ራውተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ጀርባ ለጀርባ በዲቲኢና በዲሲኢ ኬብል አገናኙ። የዲሲኢው ጫፍ ሰዓት ይሰጣል፤ ክሎክ ሬት 64000 የሚገባው እሱ ላይ ነው። የትኛው ጫፍ እንደሆነ ሾው ኮንትሮለርስ ሲሪያል ይነግራችኋል። ሲስኮ ሲሪያል ላይ የሚመጣው የራሱ ኤችዲኤልሲ የሚባል መግባቢያ ፕሮቶኮል ነው፤ የሌላ ፋብሪካ ራውተር ማዶ ካለ ሁለቱንም ፒፒፒ ማድረግ ይሻላል። አንዱን ብቻ ፒፒፒ አድርጉትና እዩ። አፕ ዳውን ይላል። ያን ጊዜ ፕሮቶኮል የሚለው ዓምድ ምን እንደሚናገር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቻፕ ስታስገቡም ዩዘርኔም ብላችሁ የምትጽፉት የማዶውን ራውተር ሆስትኔም ነው፣ የራሳችሁን አይደለም። ፓስወርዱ በሁለቱም ጫፍ አንድ ይሁን። ባንድዊድዝ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ፍጥነት አይጨምርም፤ ራውቲንግ ፕሮቶኮሎች መንገድ ሲመርጡ የሚያሰሉበት ቁጥር ነው።

ተማሪዋ ስትመለስ የሰጠኋት ሥራ አንድ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም መስመሩ ጤና በነበረበት ሰዓት ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ፣ ሾው አይፒ ኤአርፒና ሾው ኢንተርፌስ የሰጡትን ሁሉ ቀድታ ፋይል ውስጥ እንድታስቀምጥ፤ ደህናው ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ የታመመውን መለየት ይከብዳል። ሾው ረኒንግ-ኮንፊጉንም ፓስወርዶቹን አጥፍታ አተመችው። አሁን በሁለቱም ራክ በር ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ከላዩ የመስመሩ መለያ ቁጥር፣ የትክክለኛው ቪላን ቁጥርና የአቅራቢው የጥሪ ቁጥር አለ። ከሥሩ ለሚደውለው ሰው አራት ጥያቄ ጻፍንበት፦ ስታተሱ ምን ይላል? ፕሮቶኮሉስ? ጌትዌዩ ኤአርፒ ላይ ማክ አለው? ፒንጉ እስከ የት ድረስ ይደርሳል? እነዚህን መልሶ የሚደውል ሰው «አጥፍታችሁ አብሩት» አይባልም፤ ቀጥታ ወደ መስመሩ ባለሙያ ያስተላልፉታል።